እግሩ የተሰበረው ሞተር

ባለፈው ሰሞን ገበያ ወጥቼ ከአንዲት የሞጆ ሽንኩርት ነጋዴ ጋር ስከራከር፣ ሚዛኗን ቀና እያደረገች፣ «እኛ ሰፈር በቅሎ የሚያከራዩት ሽማግሌ ሞቱ እኮ» አለችኝ።

«የትኛው ሽማግሌ?»

«እንድሪስ የሚሏቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩት። ድሮ ሰው ገድለዋል ይባላል። ቀብራቸው ላይ ግን ሕዝቡ ጉድ ነበር።»

ሽንኩርቱንም ክርክሩንም ጥዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እንባዬ የመጣው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው፤ መንገድ ላይ የያዘኝ ንዴት ነበር። ሰው ገድለዋል! ምን ይደረግ፣ አፍ ዳገት አይፈራም። የሚያውቅ ይናገር ከተባለ የማውቀው እኔ ነኝና ልናገር። አያ እንድሪስ የገደሉት ዶሮ ነው። የእኔን ዶሮ።

ነገሩ ጣልያን ከመግባቱ በፊት ነው። አዳማ ገና ናዝሬት አልተባለችም፤ ባቡር ጣቢያውን ከበው የተሠሩ ቤቶች፣ አቧራና ግራር ነበረች። ባለቤቴ ተሰማ የጣቢያው መጋዘን ጠባቂ ነበር። አያ እንድሪስ ከእኛ ጋር አጥር ይጋራሉ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅሎ እየነዱ ጨውና ቡና ሲያመላልሱ ኖረው፣ በኋላ በቅሎዎቹን ሸጠው አገሩ ከሚገባ አንድ ግሪክ ነጋዴ አሮጌ ካሚዮን ገዙ። ትንሽ ናት፤ ከፊት ሁለት ሰው ታስቀምጣለች፣ ከኋላዋ ክፍት ሣጥን አላት። ቀለሟ ለቆ ዝገቷ ስለቀላ «ዳማ» አሏት፣ እንደ ፈረስ። ከአዳማ ዴራ፣ ከዴራ አዳማ፣ ሲሄዱ ጨውና አቡጀዲ፣ ሲመለሱ ቆዳ ይጭናሉ። የቆዳው ሽታ ከእሳቸው ቀድሞ ቤት ይገባ ነበር።

ታዲያ ጎረቤት በሆንን ሰሞን ዳማ ወደ ኋላ ስትመለስ ዶሮዬን ጨፈለቀችብኝ። አጥሩ ላይ ወጥቼ ጮህኩ።

«አያ እንድሪስ! ዶሮዬን በሉብኝ!»

«እኔ አልበላኋትም» አሉኝ፣ ረጋ ብለው። «ደግሞስ ማን ይበላታል? አንቺ በስመ አብ ብለሽ አላሳረድሻት፣ እኔ ቢስሚላሂ አላልኩባት። ለጅብ ናት።»

በማግስቱ ሁለት ቄብ ዶሮ ይዘው መጡ። እግራቸውን እንዳሰሩ በሬ ላይ አስቀመጧቸውና፣ «በሕይወት ያመጣኋቸው በሃይማኖትሽ እንድታሳርጃቸው ነው» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ጠላትነቱ አልሆነልኝም።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ሞተሩን ከመንካታቸው በፊት ኮፈኑ ላይ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ፣ ልክ የታመመ ልጅ ደረት እንደሚያዳምጥ ሰው። ካሚዮኗን ይሰድቧታል፣ ይለማመጧታል፣ አርብ አርብ ያሳርፏታል። ሰው ስለ ካሚዮን የሚያወራውን ጉድ ግን አይሰሙም ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ይባል ነበር፤ ጋኔን ነው የሚገፋው የሚሉ ነበሩ፣ ሲያልፍ የሚያማትቡ ነበሩ። አንድ ደብተራ ክታብ ሊያስርላት ቢመጣ፣ «ብረት ምን ያውቃል?» ብለው መለሱት። «ደጉም ክፉውም የያዘው ሰው ነው።» ይህችን አባባል በየቀኑ ነበር የሚሏት።

ሚስታቸው ቢፍቱ የዴራ ልጅ፣ የአርሲ ኦሮሞ ናት። ከእሳቸው በዕድሜ በጣም ታንሳለች። አማርኛዋ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ባሏንም፣ ቄሱንም፣ የጣቢያውን ሹምም «አንተ» ነበር የምትል። ልጅ አልነበራቸውም። ማታ ማታ ደጃቸው ተቀምጠው እሷ ስትስቅ ይሰማኛል፤ በምን እንደሚያስቋት እስከ ዛሬ ይገርመኛል፣ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ሲመጡ ቃል የሚወጣቸው በመከራ ነው።

የቢፍቱ ሳቅ የቆመው ታናሽ ወንድሟ ገመቹ የሞተ ጊዜ ነው። ዴራ አጠገብ ከብት መንገድ ሲያሻግር የአንድ ፈረንጅ ነጋዴ ካሚዮን ገጨው። ካሚዮኑ ልጁን ጥሎ ከድንጋይ ጋር ተላትሞ ቆመ። ፈረንጁ ራሱ ነበር የሚነዳው፤ ሰው ሳይሰበሰብ ጠፋ፣ በባቡር ጅቡቲ ገባ ተባለ። ካሚዮኑንም ወኪሉ ከገዥው ፈቃድ አውጥቶ አስጎትቶ ወሰደው።

በአርሲ ሕግ ደም ከፈሰሰ የገዳይ ወገን ጉማ፣ የደም ካሳ ማለት ነው፣ ከፍሎ፣ በሽማግሌ ፊት ታርቆ፣ ከአንድ ዕቃ ወተት ካልተጠጣ በቀር ሁለቱ ወገኖች አንዱ በሌላው ቤት ውሃ አይቀምሱም። ጉማ ደግሞ ከብት ብቻ አይደለም። በሕዝብ ፊት ቁጭ ብሎ «ደሙ ከእኔ ነው» የሚል ሰው ይፈልጋል። ከሸሸ ሰው ጋር እንዴት ይታረቃል? የቢፍቱ አጎት ኦቦ ሮባ ከገዥ ደጅ ገዥ ደጅ አቤት ሲሉ ከረሙ። ቢፍቱም፣ «ጉማው እስኪከፈል ገመቹ ሜዳ ላይ ነው ያለው፤ እሱ ሳይገባ እኔ አልስቅም» አለችኝ። ፀጉሯንም ቅቤ መቀባት ተወች።

በዚህ ሐዘን ላይ የዳማ ሞተር ተሰነጠቀ። አያ እንድሪስ ከአዋሽ ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ ፈላባቸው፤ ከወንዙ የቀዱትን ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሱበት፣ ጧ! አለ። በሬ ጎትቶ አመጣት። ራሳቸውን ይዘው ግራሩ ሥር ቁጭ አሉ።

«በላብ የተጠመቀች በቅሎ ቀዝቃዛ ውሃ እንደማይሰጣት ሕፃን ያውቀዋል» አሉ። «ስንቱን ልጅ ለዚህ ገርፌያለሁ። ብረት ናት ብዬ ናቅኋት።»

ያ ክረምት ክፉ ነበር። የበቅሎ ነጋዴ የነበሩ ሰው ጣቢያው ላይ ጆንያ ተሸከሙ። ቢፍቱ እናቷን ማየት አልቻለችም፤ ዴራ የምትወስዳት ዳማ ነበረች። መስከረም ሲጠባ የቀረቻቸውን አንዲት በቅሎ ሸጠው ድሬዳዋ በባቡር ሄዱ፤ በተመለሱ ጊዜም የዕቃ ፉርጎ ውስጥ በሣር የተጠቀለለ ሞተር ይዘው መጡ። ተሰማ ነው ያስወረደላቸው። «ከየት አገኙት?» ሲላቸው፣ «ከተሰበረ ካሚዮን ነው» ብለው ሌላ ወሬ ጀመሩ አለኝ። የማይዋሽ ሰው ወሬ ሲቀይር ማን ይጠረጥራል?

ሞተሩ የገባው ከግቢያቸው ነው፤ ሌላ የት ይገባል፣ ጋራዥ የሚባል ነገር አዳማ አልነበረም። ከግራሩ ቅርንጫፍ ተሰማ ከጣቢያ የተዋሰውን መዘውር ሰቀሉ፣ የግመል ገመድ አሳለፉበት፣ ገመዱን በሬ ሳበው። መጀመሪያ የሞተው ወጣ። ከዚያ አዲሱ አየር ላይ ተንጠለጠለ፤ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ቆሞ ያያል፣ እኔም ዶሮዎቼን ቆልፌ። ወርዶ ቦታው ሊቀመጥ ሲል ከሞተሩ እግሮች አንደኛው የለም። ጉቶው ሲቀር ተሰብሯል። የቀሩትም እግሮች ከካሚዮኗ ቀዳዳ ጋር አልገጥም አሉ። አንድ ቀን ሙሉ ቀዳዳ ሲበሱ፣ ብረት ሲያጥፉ ዋሉ፤ የተሰበረው እግር ግን መላ ታጣለት።

መላውን ያመጣችው ቢፍቱ ናት።

«ቀንበር ሞፈሩን በምን ይይዛል?» አለች። «በጠፍር አይደለም ወይ?»

ሰው ሳቀ። አያ እንድሪስ ግን አልሳቁም፤ ወፍራም የወይራ ግንድ ጠርበው ከሞተሩ ሥር አጋደሙ። እሷ የበሬ ቆዳ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈች፣ በረጅሙ ተለተለችው፣ እርጥቡን ጠፍር ከተሰበረው እግር ጉቶ እስከ ግንዱ እየጠመጠመች አሰረችው። እግሯን ከብረቱ ተክላ በሁለት እጇ ትስባለች፣ እጇ ሲሞላ በጥርሷ ትይዛለች። ጠፍር እርጥብ ሲታሰር ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ፀሐይ ሦስት አራት ቀን ሲመታው እንደ አጥንት ሆነ። አያ እንድሪስ በዚያ ሁሉ ጊዜ አጠገቧ ቆመው ነበር። ላብ ያጠምቃቸዋል። ድካም ነው ብዬ ውሃ ሰጠኋቸው፤ አልጠጡም።

ማኒቬላውን፣ የማስነሻ ብረቱን፣ ሲያዞሩት ሞተሩ አስነጠሰ፣ አጨሰ፣ ተነሣ። እልል አልኩ። ቢፍቱም ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ ሳቀች፣ «ዳማ ባሪቴ!» እያለች፣ ነጋላት ማለቷ ነው። ባሏን አየኋቸው፤ ፊታቸው እንደ ለቅሶ ቤት ነበር።

ኦቦ ሮባ በሳምንቱ መጡ። አዳማ ሲመጡ የሚያድሩት ቢፍቱ ዘንድ ነው፤ እንደ ልማዳቸው ለአቤቱታ ነበር የመጡት። እኔም ሰላም ልላቸው ገባሁ። «አካም ጅርታ፣ ፈያ?» ተባባልን። ቢፍቱ ወተት በጮጮ አቀረበችላቸው። እሳቸው ግን ጮጮውን እንደ ያዙ፣ «ጠፍር ያሰርሽበትን እስቲ ልይ፣ አገር ሁሉ የሚያወራውን» አሉ፣ እየሳቁ። ኮፈኑን ከፈተችላቸው። ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና አላሉም። ቆይተው ከቆዳ ከረጢታቸው አንድ ጥቁር የብረት ስባሪ አወጡ፤ ካሚዮኑ ከድንጋዩ ሲላተም ወድቆ የቀረ፣ በየገዥው ደጅ ለማስረጃ የሚያሳዩት ነው። ከጠፍሩ ሥር ብቅ ካለው ጉቶ ጋር አገናኙት። ገጠመ።

ወተቱን ሳይቀምሱ መሬት ላይ አስቀመጡት።

«የገመቹ ደም እዚህ ቤት ነው» አሉ።

ቢፍቱ ወደ ባሏ ዞረች። እጇን አየች፣ ከዚያ እሳቸውን አየች።

«ታውቅ ነበር?» አለች።

በልቤ «አላውቅም በል፣ አላውቅም በል» አልኩ፤ «አንተ» ብዬ፣ አክብሮቱም ጠፍቶብኝ። አላውቅም ቢሉ ማን ይጠይቃቸዋል? ድሬዳዋ ሩቅ ነው።

«አውቅ ነበር» አሉ አያ እንድሪስ። «ሻጩ ነግሮኛል። ሌላ ሞተር አልነበረም። ብረት ምን ያውቃል ብዬ…»

አልጨረሱትም። እሷም አልጮኸችም። ነጠላዋን ወስዳ ከአጎቷ ኋላ ወጣች፤ ዴራ ድረስ በእግሯ ሄደች።

የሰፈሩ ሰው ሞተሩን ወንዝ ክተቱት፣ ለድሬዳዋው ሰው መልሱለት አላቸው። እኔም ብያለሁ። ከቀናት በኋላ ተሰማን ጠርተው፣ «ሽማግሌ ሁነህ ዴራ ትሄድልኛለህ?» አሉት። «ሸሽቶ የሄደው ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ነው። እዚያ እኔ ልቀመጥ።»

ተሰማ ደነገጠ። «አያ እንድሪስ፣ ያልገደሉትን? ስምዎ ይቀራል እኮ። የልጅ ልጅ ገዳይ ይላል።»

«ልጅም የለኝ» አሉት። «ገመቹ ሜዳ ላይ አይደር።»

ዳማን ሸጧት፣ ያለ ሞተር፣ ቀፎዋን። ጠፍሩን ለመቁረጥ ቢላዋ አልበቃም፤ በመጥረቢያ ነው የተለቀቀው። የሚያስፈልገውን ከብት ገዙበት። ሞተሩ የዴራ ሽማግሌዎች እንዳዘዙት ከከተማ ውጭ ጉድጓድ ተቆፍሮለት ተቀበረ፣ እንደ ሰው።

የእርቁ ቀን እኔና ተሰማም ሄድን፤ ከእሳቸው ወገን የሚቆም ሌላ ሰው አልነበራቸውማ። ሕዝቡ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። አያ እንድሪስ እርጥብ ሣር ይዘው፣ በባዶ እግራቸው፣ ከሩቅ እየተንበረከኩ መጡ። እኚያ በቅሎም ሰውም ሲገሩ የኖሩ ሰው!

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ «ይህን ደም ማን አፈሰሰ?» ብለው ጠየቁ።

በሕጉ «እኔ» ይባላል። አያ እንድሪስ ግን ቶሎ አልመለሱም። ለምን እንዳልመለሱ ገብቶኛል፤ አላህን የሚፈሩ ሰው ናቸው፣ ሐሰት ይሆንባቸዋል።

«ያፈሰሰው ሸሽቷል» አሉ በመጨረሻ። «እሱ የሸሸበትን ካሚዮን ሞተር ገዝቼ ቤቴ ያስገባሁ እኔ ነኝ። በእሱ ቦታ የሚቀመጥ ሰው ከፈለጋችሁ፣ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተጠጋግተው ተመካከሩ፣ ተቀበሉትም። ያገሩ ሰው ግን የወሰደው የመጨረሻዋን «እኔ ነኝ» ብቻ ነው፤ ያቺ ቃል ናት እስከ ሞጆ የተከተለቻቸው።

ወተት በጮጮ መጣ። ኦቦ ሮባ ጠጡ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ። ለአያ እንድሪስ ሰጧቸው፣ ጠጡ። የገመቹ ወንድሞች ጠጡ። ጮጮው ቢፍቱ ዘንድ ደረሰ። ያዘችው። ሴቶቹ እልልታ ጀምረው ሲጠብቁ፣ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ጠጪ እንጂ ልጄ» አሏት ኦቦ ሮባ። «ደሙ ደርቋል።»

«የገመቹ ደም ደርቋል፣ ረቢ ይመስገን» አለች። «የወንድሜን ገዳይ በእኔ ጥርስ ያሳሰረ ሰው ግን ይኸውና። ለዚህ ጉማ አላችሁ?»

ትልቁ ሽማግሌ፣ እርቅ ከወረደ ሚስት ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ሕግ ነው፣ ብለው ማዘዝ ጀመሩ። አያ እንድሪስ ተነሡ።

«አትዘዟት» አሉ። «ልክ ናት።»

ወደ አዳማ በእግር ነው የተመለስነው። አዋሽ ስንደርስ እኔ ዝም ማለት ስለማልችል፣ «አያ እንድሪስ፣ ያን ቀን አላውቅም ቢሏት ኖሮ ዛሬ ቤትዎ ነበረች» አልኳቸው። ተሰማ በክርኑ ጎሸመኝ።

«በላይነሽ» አሉኝ፣ «ሲጠይቁ እውነት መናገር ምን ይከብዳል? ሌላ መውጫ ሲጠፋ ሁሉም ይናገራል። ጠፍሩን በጥርሷ ስትስብ እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። እውነት የምትፈለገው ያኔ ነበር።»

ወንዙን ተሻገርን።

በማግስቱ ጓዛቸውን ጠቀለሉ። ጓዝ ቢባል አንድ ቁርበት፣ አንድ ኮርቻና ለሶላት የሚታጠቡበት ማንቆርቆሪያቸው ነው። ቁልፉን ለተሰማ ሰጡት። «ቤቱ የእሷ ነው» አሉ። «እኔ ካለሁበት አትገባም። ከሌለሁ ግን ሜዳ ላይ ምን አስቀመጣት? ስትመጣ ስጣት።» ተሰማ ቢለምን፣ እኔ ብለምን፣ ብቆጣም ጭምር፣ አልሆነም። ሞጆ አንድ የድሮ ጓደኛቸው በቅሎ ነበረው፤ እሱ ዘንድ ሄዱ። ያን ቀን እኔ እንደዚህ ያለ ሰው ተፈጥሮ አያውቅም ብዬ ነበር ያወራሁት። እስከ ዛሬም ያንኑ እላለሁ፤ ሁሉንም ግን አይደለም።

ቢፍቱ ወሩ ሳይሞላ መጣች። በር ላይ አገኘኋት፤ ፀጉሯ በቅቤ ወርዝቷል፣ በእጇ የወተት ጮጮ ይዛለች፣ ከዴራ እስከ አዳማ ሳይፈስ ያመጣችው። ደስ አለኝ፣ ቁልፉን ሮጬ አመጣሁላት። ቤቱን ከፍታ ባዶውን አየች።

«እሱስ?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ቤቱን ለእሷ መልቀቃቸውን፣ እሳቸው ካሉበት አትገባም ማለታቸውን፣ ልመናችንን አለመስማታቸውን። እያለቀስኩ ነው የነገርኳት፤ ደግነታቸው ልቧን እንዲሰብረው ፈልጌ። ደፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጮጮውን ጭኗ ላይ እንደ ያዘች፣ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አሁንም ሳይጠይቀኝ ወሰነልኝ» አለች።